ፖለቲካን ከተለያዩ የትምህርት ዘርፎች ለመረዳት የሚያግዙ መነሻ ንባቦች

ፖለቲካ የአንድ የትምህርት ክፍል የብቻ ይዞታ ሆኖ አያውቅም። የፖለቲካ ሳይንስ በዩኒቨርሲቲዎች ራሱን ችሎ የተደራጀው በአብዛኛው ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወዲህ ሲሆን፣ ሥልጣን ከወዴት ይመነጫል፣ ሰውስ ለምን ይታዘዛል የሚሉት ጥያቄዎች ግን ከዚያ በፊትም ፈላስፎችን፣ የታሪክ ጸሐፊዎችንና የሕግ ሊቃውንትን ሲያከራክሩ ኖረዋል።

ብዙ የትምህርት መርሐ ግብሮች የሚጀምሩት ከአርስቶትል «ፖለቲካ» ነው። አርስቶትልና ደቀ መዛሙርቱ የ158 ከተሞችንና ሕዝቦችን ሥርዓተ መንግሥት እንዳሰባሰቡ ይነገራል፤ ከእነዚህ መካከል የአቴናው ብቻ ከግብፅ በተገኘ ፓፒረስ ተርፎ በ1891 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በ1651 የወጣው የእንግሊዛዊው ፈላስፋ የሆብስ «ሌቪያታን» ደግሞ የእንግሊዝን የእርስ በርስ ጦርነት ታሪክ ሳያውቁ ቢነበብ ግማሽ ትርጉሙን ያጣል። በንባብ ዝርዝሮች ውስጥ ታሪክ ከፍልስፍና ተነጥሎ መቀመጡ ለጀማሪ የሚበጅ አይመስልም።

ኢኮኖሚክስና ሒሳብ ያበረከቱት የምርጫን ውስጣዊ አሠራር መመርመር ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኮንዶርሴ በ1785 ያሳየው ችግር በሦስት መራጮችና ሀ፣ ለ፣ ሐ በተባሉ ሦስት ዕጩዎች ይገለጣል። አንደኛው ሀን ከለ፣ ለን ከሐ ያስቀድማል፤ ሁለተኛው ለን ከሐ፣ ሐን ከሀ፤ ሦስተኛው ሐን ከሀ፣ ሀን ከለ። ሁለት ሁለቱን ስናወዳድር ሀ ለን፣ ለ ሐን፣ ሐ ደግሞ መልሶ ሀን ሁለት ለአንድ ያሸንፋል፤ እያንዳንዱ መራጭ የማያሻማ ምርጫ እያለው የብዙኃኑ ፍላጎት ግን ክብ ይዞራል። የኢኮኖሚክስ ምሁሩ ኬኔት አሮው በ1951 ይህን አስፍቶ አጠቃላይ ንድፈ ሐሳብ አበጀለት። ሌላው የኢኮኖሚክስ ምሁር አንቶኒ ዳውንስ በ1957፣ የአንድ ሰው ድምፅ ውጤት የመቀየር ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ከሆነ ሰው ለመምረጥ ለምን ይደክማል ብሎ ጠየቀ። ጥያቄውን ከ1940ው የአሜሪካ ምርጫ ወቅት በኦሃዮ ከተካሄደው የሶሲዮሎጂ ጥናት ጋር አያይዞ ማንበብ ይጠቅማል፤ ጥናቱ ቤተሰብና ወዳጅ በመራጩ ውሳኔ ላይ ከቅስቀሳው ይልቅ እንደሚበረቱ አመልክቷልና።

አንትሮፖሎጂ ጭራሹን መንግሥት ወደሌለበት ይወስዳል። እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1940 ባሳተመው የኑዌር ጥናት፣ በደም የተቃቃሩ ወገኖችን የሚያስታርቀው የነብር ቆዳ ለባሽ ሽማግሌ ፍርዱን በኃይል የማስፈጸም ሥልጣን እንዳልነበረው፣ ሥርዓቱን አጽንቶ ያቆየው ግን የዘር ሐረግ ቅርንጫፎች እርስ በርስ መገዳደር መሆኑን ይገልጻል። ጥናቱ የተካሄደው በሱዳን የቅኝ አገዛዝ መንግሥት ጥያቄ መሆኑን አንባቢ ልብ ሊለው ይገባል። ጀርመናዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ማክስ ቬበር በ1919 ሙኒክ ውስጥ ያደረገው ንግግር ከዚህ ቀጥሎ ቢነበብ ይመረጣል፤ መንግሥትን በአንድ ግዛት ውስጥ ሕጋዊ ተቀባይነት ያለውን ኃይል በብቸኝነት የያዘ አካል ብሎ ሲተረጉም፣ ኑዌሮች የሌላቸው ነገር ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይለያል።

ከዚህ በኋላ የኤሊኖር ኦስትሮም የ1990 ሥራ ይከተላል። በስዊስ የጋራ ግጦሾችና በስፔን የመስኖ ቦዮች ተጠቃሚዎች ራሳቸው ደንብ አውጥተው ለዘመናት ሀብቱን እንደጠበቁ ያሳየችው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሯ ኦስትሮም፣ በ2009 የኖቤል ሽልማት የተሸለመችው በኢኮኖሚክስ ነው።