ፋይል ሲታመቅ ሁሉም ኮሮች ለምን አይሠሩም?

ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ የጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት ተቀምጬ ነበር። ባለቤቱ የዓመቱን ሰነድ ቦታ እንዳይፈጅ 7-ዚፕ በሚባል ፕሮግራም እያመቀ ነው። ኮምፒውተሩ 8 ኮር አለው፤ ኮር ማለት በፕሮሰሰሩ ውስጥ ለብቻው ሥራ መሥራት የሚችል ክፍል ነው። ታስክ ማኔጀሩ ላይ ግን ፕሮሰሰሩ 25 ፐርሰንት አካባቢ ደርሶ ቀጥ አለ። «ሌሎቹ ኮሮች ተበላሽተው ይሆን እንዴ?» አለኝ። አልተበላሹም። የመረጠው ዘዴ ኤልዜድኤምኤ ነበር፤ እሱ ደግሞ ቢበዛ ሁለት ኮር ነው የሚያሠራው።

የብዙዎቹ ማመቂያዎች መሠረት አብርሃም ሌምፔልና ጃኮብ ዚቭ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጡት ዘዴ ነው። ሥራው ድግግሞሽ ማደን ነው። እዚያው ቤት የሚተየብ ማመልከቻ እንውሰድ። «በሰሜን ሸዋ ዞን» የሚለው ሐረግ በየገጹ ይመላለሳል። ፕሮግራሙ አንዴ ሙሉውን ይጽፈዋል። ከዚያ ወዲያ «ይህን ያህል ፊደል ወደ ኋላ ሂድ፣ ይህን ያህል ቅዳ» ይላል። ማመልከቻ ጸሐፊው «ከላይ እንደተገለጸው» እንደሚለው ማለት ነው። ታዲያ «ከላይ» የበዛበትን ወረቀት ማን ከመሃል ጀምሮ ያነባል? የታመቀ ፋይል ሲፈታም ኋለኛው ፊተኛውን ይጠብቃል።

ሲታመቅ ግን ዋናው ጽሑፍ በእጅ ስላለ መላ አለው። ነገሩ እንደ ገብስ አጨዳ ደቦ ነው። ማሳውን ከፋፍሎ ለየአጫጁ መስጠት ይቻላል። ጂዚፕ የሚባለው ማመቂያ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲወጣ የቤት ኮምፒውተር አንድ ኮር ብቻ ስለነበረው፣ የተጻፈውም ለአንድ ኮር ነው። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ማርክ አድለር በኋላ ፒግዚን ሠራ። ፒግዚ ፋይሉን በ128 ኪሎባይት እየቆረጠ ለኮሮቹ ያድላል። እያንዳንዱ ቁራጭ ወደ ኋላ የሚያይበት እንዲኖረው፣ ከእሱ የቀደመው ቁራጭ የመጨረሻ 32 ኪሎባይት አብሮ ይሰጠዋል። በጣም የምወደው ብልሃት ነው። ሲፈታ ግን እሱም ዋናውን ሥራ በአንድ ኮር ነው የሚሠራው።

ቢዚፕ2 የሚባለው ሌላው ማመቂያ ለዚህ ክፍፍል የተመቸ ነው። ቢበዛ 900 ኪሎባይት የሆኑት ክፍሎቹ አንዱ ከሌላው ነፃ ናቸው። ያም ሆኖ የተለመደው ፕሮግራም በአንድ ኮር ይሠራል። በሁሉም ኮር የሚሠራው ፒቢዚፕ2 የሚባለው ነው።

ኤክስዜድ የሚባለው ማመቂያ ላይ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል። በተለመደው የማመቅ ደረጃው ብዙ ኮር ሲያሠራ ፋይሉን በ24 ሜጋባይት ነው የሚከፍለው። 20 ሜጋባይት ፋይል ሰጥቶ «ሁሉንም ኮር ተጠቀም» ቢሉት የሚከፋፈል ነገር የለውም። ቁራጩን ማሳነስ ይቻላል፤ ግን ድግግሞሹ የሚታደንበት ሜዳ ስለሚጠብ የታመቀው ፋይል ያብጣል። በላይኛው ደረጃ ደግሞ እያንዳንዱ ኮር ከ1 ጊጋባይት በላይ ሚሞሪ ይበላል። 8 ጊጋባይት ባለው ላፕቶፕ ላይ ስምንቱን ኮር ማሠማራት አይታሰብም።

ሁሉም ቢሰማሩ እንኳ ፍጥነቱ ስምንት እጥፍ አይሆንም። ከሥራው 10 ፐርሰንቱ የግድ በተራ የሚሠራ ከሆነ፣ መቶ ኮር ቢደረደርም ፍጥነቱ ከ10 እጥፍ አያልፍም። ይህን የኮምፒውተር መሐንዲሱ ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 አሳይቷል።

ፎቶኮፒ ቤቱ ውስጥ ዘዴውን ከሁለት በላይ ኮር ወደሚያሠራው ኤልዜድኤምኤ2 ቀየርነው። ፐርሰንቱ ወዲያው ወደ ላይ ወጣ፣ የማራገቢያው ድምፅም ጨመረ። ፋይሉ አልቆ ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ ግን ፕሮሰሰሩ እንደገና ሥራ ፈታ። አሁን የሚያስጠብቀን ፍላሹ ነበር።