የኩባንያዎች የአየር ንብረት ስጋት ምንድን ነው?

ጀርመን ውስጥ ካውብ በተባለች ትንሽ ከተማ አጠገብ ያለው የራይን ወንዝ መለኪያ በኦክቶበር 2018 ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ወረደ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቁጥሩ የወንዙ ጥልቀት አይደለም፤ መርከብ የሚያልፍበት መስመር ከዚያ በአንድ ሜትር ገደማ ይጠልቃል። ቢሆንም የጭነት መርከቦች ማለፍ የቻሉት ከወትሮው ጭነታቸው ጥቂቱን ብቻ ይዘው ነበር። ከካውብ ወደ ላይ፣ ሉድቪግስሃፈን ላይ፣ ቢኤኤስኤፍ የተባለው ግዙፍ የኬሚካል ኩባንያ ዋና ፋብሪካ ይገኛል። ከጭነቱ 40 በመቶ ገደማ የሚመላለሰው በዚሁ ወንዝ ነው። የዚያ ዓመት የውኃ ማነስ ኩባንያውን 250 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ አሳጣው። እሳት አልተነሣም፣ ጎርፍ አልመጣም፤ ዝናብ ብቻ ቀረ።

የአየር ንብረት ስጋት የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። የአየር ንብረት ሲለወጥ፣ ወይም መንግሥታትና ሸማቾች ለውጡን ለመግታት ሲነሡ፣ በአንድ ኩባንያ ንብረት፣ ገቢና ወጪ ላይ ሊደርስ የሚችል ጉዳት ማለት ነው። ድርቁ፣ ጎርፉ፣ ሰደድ እሳቱና ሙቀቱ አካላዊ ስጋት ይባላሉ። የካርቦን ግብር (አየሩን በሚያሞቅ ጋዝ ልቀት ላይ የሚጣል)፣ አዲስ ክልከላ ወይም የደንበኛ ፍላጎት መቀየር ደግሞ የሽግግር ስጋት ናቸው። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስትከለክል ዋናው ምክንያት ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ነበር። ለአስመጪው ግን ውጤቱ ያው ነው፤ የለመደው ንግድ በአንድ ውሳኔ ተዘጋ። ያው ውሳኔ የኤሌክትሪክ መኪና ለሚያስመጣና ለሚገጣጥም ሰው ገበያ ከፈተ። ስለዚህም ነው ባለሙያዎች ስጋቱንና ዕድሉን ለያይተው የማያዩት።

ለረጅም ጊዜ ብዙ ኩባንያዎች ይህን ጉዳይ የሚያነሡት ስለ በጎ አድራጎት በሚጽፉበት ገጽ ላይ ነበር። በሴፕቴምበር 2015 በጊዜው የእንግሊዝ ባንክ ገዥ የነበሩት ማርክ ካርኒ ለንደን ውስጥ በሎይድስ የመድን ገበያ ባደረጉት ንግግር ነገሩን ወደ ገንዘብ ጉዳይነት አመጡት። ከባዱ ጉዳት የሚመጣው ዛሬ የሚወስኑት ሰዎች ከኃላፊነታቸው ከወረዱ በኋላ ስለሆነ ማንም በጊዜው አይነሣለትም የሚል ነበር ፍሬ ሐሳቡ። በዚያው ዓመት በአሜሪካዊው ባለሀብት በማይክል ብሉምበርግ የሚመራ ግብረ ኃይል ተቋቋመ፤ ኩባንያዎች ስጋታቸውን ለባለአክሲዮኖች እንዴት እንደሚገልጹ የሚያሳይ ምክረ ሐሳቡንም በ2017 አወጣ። ሥራው በኋላ ወደ ዓለም አቀፉ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃዎች ተዛውሯል፤ አይኤፍአርኤስ ኤስ2 የተባለው ደረጃ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የጸና ሲሆን፣ አስገዳጅ የሚሆነው ግን እያንዳንዱ አገር ሲቀበለው ነው።

ሪፖርት ማውጣት ግን ራሱን የቻለ ምላሽ አይደለም። አንድ ኩባንያ የአየር ንብረት ስጋቱን መቀነሱን ሲነግረን መጠየቅ ያለብን ጉዳቱን ራሱን ቀነሰው ወይስ ለሌላ ሰው አሸከመው የሚለውን ነው። በሒሳብ መዝገብ ላይ ሁለቱም አንድ ይመስላሉ።

ቢኤኤስኤፍ ጉዳቱን ቀንሷል ማለት ይቻላል። ከ2018 በኋላ የወንዙን መጠን ስድስት ሳምንት ቀድሞ የሚተነብይ ሥርዓት ከጀርመን የውኃ ሳይንስ ተቋም ጋር አዘጋጀ። በ2023 ደግሞ ስቶልት ሉድቪግስሃፈን የተባለች መርከብ ሥራ ጀመረች። ርዝመቷ 135 ሜትር ነው፤ ከተለመዱት የራይን መርከቦች ሰፋ ተደርጋ ስለተሠራች የካውብ መለኪያ 30 ሴንቲ ሜትር ሲያሳይ እንኳ 800 ቶን ጭና ታልፋለች። ይህ መላመድ ነው። ፋብሪካው ራሱ ወደ አየር የሚለቀውን ጋዝ አይቀንስም፤ እሱ ገና ሌላ ሥራ ይጠይቃል። ጉዳቱ ግን ወደ ማንም አልተገፋም።

በካሊፎርኒያ የሆነው ሌላ ነው። በኖቬምበር 2018 ፒጂ ኤንድ ኢ የተባለው የኤሌክትሪክ ኩባንያ መስመር ያስነሣው እሳት ፓራዳይዝ የተባለችውን ከተማ አወደመ፤ 85 ሰዎች ሞቱ። እሳቱ የተነሣው መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ የኤሌክትሪክ ሽቦ ማንጠልጠያ መንጠቆ አልቆ በመሰበሩ ነበር። ኩባንያው 30 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ዕዳ ተደቅኖበት በጃንዋሪ 2019 የኪሳራ ጥበቃ፣ ማለትም ከባለዕዳዎች የፍርድ ቤት ከለላ፣ ጠየቀ። 16,000 ኪሎ ሜትር መስመር ከመሬት በታች ለመቅበር ማቀዱን ያስታወቀው በ2021 ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው። ድርቅ ያደረቀው ደንና ያረጀ መስመር አንድ ላይ ሲሆኑ ምን እንደሚያስከትሉ አስቀድሞ ማየት ይቻል ነበር፤ የጠፋው ሕይወት ደግሞ በካሳ አይመለስም።

በዚያው ክፍለ ግዛት ስቴት ፋርም የተባለው የመድን ኩባንያ በሜይ 2023 አዲስ የቤት መድን መሸጥ አቆመ። በቀጣዩ ዓመት 72,000 ያህል የመድን ውሎችን እንደማያድስ አስታወቀ። ኩባንያው የግንባታ ዋጋ መናርንና የአደጋ መብዛትን ምክንያት አድርጎ አቅርቧል፤ ከሒሳቡ አንጻር ስህተት ነው ለማለት ይከብዳል። ሆኖም አንድም ቤት ከቃጠሎ ስጋት አልወጣም። ስጋቱ ከኩባንያው መዝገብ ወጥቶ ወደ ባለቤቱ ኪስ ገባ፤ እንዲህ ያለውን ምላሽ እንደ ጥሩ ምሳሌ ማቅረብ አንባቢን ማሳሳት ነው።

ዕድሉን የተከተሉም አሉ። ዶንግ ይባል የነበረው የዴንማርክ የኃይል ኩባንያ የነዳጅና የጋዝ ዘርፉን በ2017 ሸጦ፣ ስሙን ኦርስቴድ ብሎ፣ በባሕር ላይ የነፋስ ኃይል በዓለም ቀዳሚ ሆነ። በ2023 ግን ወለድና የዕቃ ዋጋ ሲንር በኒው ጀርዚ ዳርቻ ያቀዳቸውን ሁለት ፕሮጀክቶች ሰርዞ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ኪሳራ መዘገበ። ዕድልም የራሱ ስጋት አለው።

ወደ እኛ ስንመጣ ጉዳዩ በይበልጥ የሚነካን በቡና በኩል ነው። የእንግሊዙ የኪው እፅዋት ተቋም ከኢትዮጵያ ባለሙያዎች ጋር በ2017 ባወጣው ጥናት፣ ምንም እርምጃ ካልተወሰደ በዚህ ምዕተ ዓመት መጨረሻ ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው ተስማሚነቱን ሊያጣ ይችላል። ጥናቱ ሌላም ነገር ያሳያል፤ እርሻው ወደ ከፍተኛ ቦታዎች ቢሸጋገርና ጥላ ዛፉ ቢጠበቅ ለቡና የሚሆን መሬት በብዙ እጥፍ ሊሰፋ ይችላል። ቡና ገዝተው የሚቆሉ የውጭ ኩባንያዎች ስጋታቸውን በእውነት ሊቀንሱ ከፈለጉ ገንዘባቸው መግባት ያለበት እዚህ ነው፤ ችግኝ፣ ጥላ ዛፍ፣ የገበሬ ምክር አገልግሎት።

በተግባር ቀድሞ የመጣው ግን የሽግግሩ ስጋት ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባጸደቀው ደንብ መሠረት ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ ከተተከለ ማሳ የመጣ ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ አይገባም። አስመጪው እያንዳንዱ ማሳ የሚገኝበትን የካርታ ነጥብ ማቅረብ አለበት። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል፤ ዝግጅቱ ግን አልቆመም። ዓላማው ትክክል ነው፤ ደን ሲመነጠር ካርቦኑ ወደ አየር ይወጣል። ችግሩ ያለው አፈጻጸሙ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ቡና በአብዛኛው የሚመጣው ከሄክታር በታች ካላቸው ገበሬዎች ጓሮና ከደን ውስጥ ነው። የብዙ መቶ ሰዎች እሸት በአንድ ማጠቢያ ጣቢያ ተቀላቅሎ፣ በአቅራቢና በላኪ እጅ አልፎ ነው ወደብ የሚደርሰው። ያንን ሁሉ ማሳ ለክቶ ለመመዝገብ የሚወጣውን ማን ይክፈል? ለአውሮፓ ገዢ ቀላሉ መንገድ ሰነዱ ከተሟላ ትልቅ እርሻ መግዛት ነው። ያን ቢያደርግ በሪፖርቱ ላይ ስጋቱ ቀንሶ ይታያል፤ ደኑን ሳይመነጥር ጠብቆ የኖረው ገበሬ ግን ገበያውን ያጣል። ወጪውን የሚጋራ ገዢና ወጪውን ወደ ታች የሚገፋ ገዢ በአንድ ስም ሊጠሩ አይገባም።

ስጋቱን መካፈል ራሱ ንግድ ሊሆን እንደሚችል ደግሞ ቦረና ላይ ታይቷል። ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ጋር በ2012 ለአርብቶ አደሮች የከብት መድን መሸጥ ጀመረ። የሞተ ከብት ለመቁጠር ማንም አይላክም፤ ሳተላይት የግጦሹን አረንጓዴነት ይለካል፣ ልኬቱ ከተወሰነው ወለል በታች ሲወርድ በአካባቢው ላሉት ደንበኞች ሁሉ ይከፈላል። በዚህ መንገድ ወጪው ስለሚቀንስ ዓረቦኑም ሊደረስበት ይችላል። ድክመትም አለው። ሳተላይቱ የሚያየው አካባቢውን እንጂ የአንዱን ሰው በረት አይደለም፤ ግጦሹ ደህና ነው ተብሎ ከብቱ ያለቀበት ሰው ሊኖር ይችላል፣ እሱም ዓረቦን ከፍሎ ባዶ እጁን ይቀራል። ይህን ሳይደብቁ በቋንቋው ለአርብቶ አደሩ ማስረዳት የሻጩ ግዴታ ነው። የክፍያው ጊዜም መታየት አለበት። የመጀመሪያዎቹ ውሎች የተነደፉት ከብቱ ከሞተ በኋላ ኪሳራውን ለመካስ ነበር። በ2015 የኬንያ መንግሥት የጀመረው ፕሮግራም ግን ክፍያውን ወደ ድርቁ መጀመሪያ አመጣው፤ ገንዘቡ የሚደርሰው ከብቱ ገና በሕይወት ሳለ፣ ለመኖና ለውኃ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው።