የመኪና ድምፅ በአነስተኛ ወጪ ማሻሻል፦ ብሩ የት ይግባ?

ቪትዝ ወይም የቆየ ኮሮላ የሚነዳ ሰው ድምፅ ላሻሽል ብሎ ሲነሳ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ስክሪኑ ላይ ነው። ሰፊ የአንድሮይድ ስክሪን፣ ዩቲዩብ የሚከፍት፣ የኋላ ካሜራ ያለው። ያምራል። ድምፁ ግን ያው የድሮው ነው፣ በሩ ውስጥ ያሉት ስፒከሮች አልተነኩማ! በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ብዙ ሰው ያለችውን መኪና አሳምሮ መያዝ መርጧል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ተሰቀለ። ስለዚህ ያለችው ብር የት ትግባ የሚለው ዋናው ጥያቄ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከፊት በሮች ጀምሩ።

ቴፑን መቀየር ግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ሬዲዮ ኤፍ ኤም የሚይዘው ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ነው፣ አዳዲሶቹም ቢሆኑ እስከ 95 ነው የሚደርሱት። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1 ላይ ናቸው። አይገኙም ማለት ነው። መፍትሔው ከአንቴናው ጋር የሚገጠም ትንሽ ኮንቨርተር ነው። ሞገዱን ዝቅ ያደርገዋል፤ 20 የሚቀንስ ከሆነ ሸገር 82.1 ላይ ይመጣል። ይሠራል፣ ግን ድምፁ አንዳንዴ ይሻክራል። ብሉቱዝና ፍላሽ ያለው ቀላል ቴፕ መግዛት ይሻላል፣ ስክሪን ባይኖረውም ችግር የለም። ከገጠማችሁ ቢጫውን ሽቦ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ካለበት፣ ቀዩን ከቁልፉ ጋር ከሚበራው አገናኙ። ሁለቱም ቁልፉ ላይ ከታሰሩ ቴፑ በጠፋ ቁጥር የመረጣችሁትን ጣቢያ ይረሳል፤ ሁለቱም ባትሪው ላይ ከታሰሩ ደግሞ ጠዋት መኪናው ላይነሳ ይችላል።

የቴፑ ካርቶን ላይ «50 ዋት በ4»፣ ማለትም ለአራት ስፒከር ለእያንዳንዱ 50 ዋት፣ የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። አትመኑት። ሞተሩ ሲሠራ የመኪናው ኤሌክትሪክ ወደ 14.4 ቮልት ነው፣ የስፒከሩ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ደግሞ 4 ኦም። 14.4ን በራሱ አባዝታችሁ ለ4 ብታካፍሉት 52 ዋት አካባቢ ይመጣል፣ ሃምሳው የተገኘው ከዚያ ነው። ይህ ግን ቴፑ እስከ ጥጉ ተከፍቶ፣ ድምፁ ተበላሽቶና ተቆራርጦ ሲወጣ ነው። ንጹሕ ድምፅ ይዞ የሚሰጠው ለአንድ ስፒከር 20 ዋት ገደማ ነው። ከቻይናም ይምጣ ከጃፓን፣ ለብቻው አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ካልተጨመረለት በስተቀር ከዚህ ብዙም አያልፍም።

ለዚህ ነው ስፒከር ሲገዛ ዋቱን ትቶ በዲሲቤል የተጻፈውን፣ ማለትም በተሰጠው ጉልበት ምን ያህል እንደሚጮህ የሚያሳየውን ቁጥር፣ ማየት የሚያዋጣው። 3 ዲሲቤል ልዩነት የጉልበት እጥፍ ነው። 92 የሚል ስፒከር በ20 ዋት የሚሰጠውን ድምፅ 89 የሚለው እንዲሰጥ 40 ዋት ይፈልጋል። ያንን ደግሞ ቴፓችሁ የለውም። ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) መሐሉ ላይ የተቀመጠለት ጥንድ ስፒከር በቂ ነው። ትዊተሩ ተለይቶ የሚመጣው የተሻለ ነው፣ ግን ዋጋውም ሥራውም ይበዛል። የኋላዎቹን ለጊዜው ተዉአቸው፣ ሾፌሩ የሚሰማው የፊቱን ነው።

አሁን ሰው ችላ ወደሚለው፣ እኔ ግን ከስፒከሩ እኩል ወደማየው፣ ወደ በሩ እንምጣ። የቶዮታ ስፒከር ብዙ ጊዜ በሪቬት የተመታ ነው፤ ሪቬቱ በድሪል ይወጣና አዲሱ ስፒከር በፕላስቲክ ወይም በእንጨት ቀለበት ላይ በብሎን ይታሰራል። ቀለበቱ ከቆርቆሮው ጋር ክፍተት ካለው ቤዙ ይጠፋል፣ ምክንያቱም ከስፒከሩ ኋላ የሚወጣው ድምፅ በቀዳዳው ዞሮ የፊቱን ያጠፋዋል። ስለዚህ ክፍተቱ በስፖንጅ ይደፈናል፣ ቆርቆሮው ላይ ንዝረት የሚያፍን የቡቲል ሉህ ይለጠፋል። በር ስትዘጉት ከቆርቆሮ ኳኳታ ወደ ደፍ የሚል ድምፅ ሲቀየር ታውቁታላችሁ። ከፓኔሉ (ከበሩ የውስጥ ሽፋን) ስር ያለችውን ላስቲክ ግን እንዳትጥሏት። ክረምት ሲመጣ በመስታወቱ በኩል ወደ በሩ የሚወርደው ውኃ መኪናው ውስጥ እንዳይገባ የምትከለክለው እሷ ነች።

አንድ ቀላል ፍተሻ፦ 1.5 ቮልት የእጅ ባትሪ ድንጋይ ከስፒከሩ ገመድ ጋር ለቅጽበት አገናኙ። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ልክ ከሆነ ኮኑ (የሚንቀጠቀጠው የስፒከሩ ፊት) ወደ ውጭ ገፋ ይላል። አንዱ ወደ ውጭ ሌላው ወደ ውስጥ ከሄደ ገመዱ ተገልብጧል ማለት ነው፣ የግራና የቀኙ ቤዝ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ጥሩ ስፒከር ገዝቶ «ቤዝ የለውም» ብሎ የሚያማርር ሰው መጀመሪያ ይህንን ያስፈትሽ።

ብር ከተረፈ ከወንበር ስር የሚገባው፣ አምፕ አብሮት ያለው የቤዝ ስፒከር ለትንሽ መኪና ይበቃል። ገመዱ በቀጥታ ከባትሪ ይመጣል፣ ፊውዙም ከባትሪው ከአንድ ክንድ ባልራቀ ቦታ ይገባል። ይሄ አማራጭ የለውም፤ ፊውዝ የሌለው ገመድ ቆርቆሮ ላይ ተፍቆ የመኪናውን ብረት ከነካ መኪናው ሊቃጠል ይችላል። ገመዱንም በምላጭ ፋቅ አድርጋችሁ እዩት። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ወፈር ያለ ካልገዛችሁ ቶሎ ይሞቃል።

ያገለገለ ስፒከር አዲስ አበባ ውስጥ ሶማሌ ተራና መርካቶ ዞር ዞር ብሎ ማግኘት ይቻላል፣ ከርካሽ አዲስ ኮፒም ይሻላል። ግን በሁለት ጣት ኮኑን ከግራና ከቀኝ ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ግፉት። የሚፋቅ ድምፅ ከሰማችሁ ኮይሉ (ከኮኑ ኋላ ያለው የሽቦ ጥቅል) ተጎድቷል። ሻጩ መልቲሜትር ካለው ይለካላችሁ፤ ባለ 4 ኦሙ ስፒከር ከ3 እስከ 4 መሐል ያነባል። ምንም ካላነበበ ተቃጥሏል፣ ዋጋ መከራከርም አያስፈልግ።