ክሮስወርድ፣ ፈረንሳይኛና ምግብ

የእንግሊዝኛ ክሮስወርድ (በፍንጭ እየተመራህ ባዶ ቤቶችን አንድ አንድ ፊደል እያስገባህ በቃላት የምትሞላበት ጨዋታ) የሚሞላ ሰው ሳያስበው ትንሽ ፈረንሳይኛ ይለምዳል። ይሄን ያመጣው የጨዋታው ሕግ ነው። በአሜሪካው አሠራር እያንዳንዱ ፊደል ወደ ጎንም ወደ ታችም ቃል ይሠራል። ከሦስት ፊደል ያነሰ መልስ አይገባም። አዘጋጁ ረጃጅሞቹን ቃላት ከደረደረ በኋላ ክፍተቱን የሚሞላለት አጭርና አናባቢ የበዛበት ቃል ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ፈረንሳይኛ ይደርስለታል። ውሃን ፈረንሳዮች "ኦ" ይሉታል። በፊደላችን አንድ ሆሄ ነው፤ በላቲን ግን ሦስት ፊደል ይወስዳል፣ ሦስቱም አናባቢ። "ኤቴ"ም በላቲን ሦስት ፊደል ነው፣ ሁለቱ አናባቢ፤ የእነሱ በጋ፣ እኛ ጋ ክረምት የሚሆንበት ወቅት ማለት ነው። ከምግብ በኩል ኦሪዮ ብስኩት አለ፦ አራት ፊደል፣ ሦስቱ አናባቢ። ኦሪዮ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። የመጀመሪያው ክሮስወርድ ደግሞ በዓመቱ፣ ዲሴምበር 21 ቀን 1913 በኒውዮርክ ወርልድ ጋዜጣ ላይ ታተመ። ያዘጋጀው የሊቨርፑል ተወላጁ አርተር ዊን ነበር።

ፍንጩን ማንበብ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። በፍንጩ ውስጥ የፈረንሳይ ከተማ ወይም የፈረንሳይኛ ቃል ከገባ አብዛኛውን ጊዜ መልሱም ፈረንሳይኛ ነው። እኔ በጣም የምወደው የኒስን ዘዴ ነው። የፈረንሳይዋ ከተማ የኒስ ስምና "ደስ የሚል" የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አጻጻፋቸው አንድ ነው። የፍንጭ መጀመሪያ ደግሞ ሁልጊዜ በትልቁ ፊደል ይጻፋል። ስለዚህ "ደስ የሚል በጋ" ብለህ ያነበብከው "የኒስ በጋ" ሆኖ ይገኛል፤ መልሱ "ኤቴ"። መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት ካየህ በቃላት እየተጫወቱብህ ነው።

ወይን ላይም ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ድራይ (ጣፋጭ ያልሆነ) ወይን ሲባል ሦስት ቤት ካለህ "ሴክ"፣ አራት ከሆነ "ብሩት" ብለህ ሞክር፤ አቋርጦ የሚያልፈው ቃል ያረጋግጥልሃል። በፈረንሳይኛ ፊደል አናት ላይ የሚቀመጡት ምልክቶች እዚህ አይጻፉም። ስለዚህ ሮዜ ወይንና ጽጌረዳ አበባ በአንድ አጻጻፍ ይገባሉ።

ነጭ ወይን ከጥቁር ከረንት ፍሬ ሊከር (ጣፋጭ የአልኮል መጠጥ) ጋር ተቀላቅሎ ሦስት ፊደል ከተጠየቅህ "ኪር" ብለህ ጻፍ። መጠጡ ስሙን ያገኘው ከፌሊክስ ኪር ነው። ሰውየው ቄስም፣ የዲጆን ከተማ ከንቲባም ነበሩ።