ዋንጫ ወይስ ተጫዋች? ስለ ታዳጊ ሴቶች እግር ኳስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቅዳሜ ጠዋት ከጃንሜዳ እስከ መስቀል አደባባይ ባለው መንገድ ታኬታቸውን በፌስታል አንጠልጥለው የሚሄዱ የ10 እና የ12 ዓመት ሴት ልጆች ማየት በጣም ደስ ይላል። ልጆቹ ሲበዙ ግን ውድድሩም ይበዛል። ውድድር ሲበዛ ደግሞ በየሜዳው ዳር ያው ክርክር ይነሳል፦ እናሸንፍ ወይስ ልጆቹን እናሳድግ?

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ማሸነፍ ጥሩ ነገር ነው፣ ልጆቹም ይወዱታል። ነገር ግን የ12 ዓመት ልጅ ቡድን ዛሬ ዋንጫ እንዲያነሳ ተብሎ የልጅቷ ቀጣይ አምስት ዓመት መበላሸት የለበትም። ወላጆችም አሰልጣኞችም ደጋግመው ሲሉ የምሰማቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ላንሳ።

«የሚያሸንፍ ቡድን በደንብ የሰለጠነ ቡድን ነው»

ከሁሉም በላይ የሚያሳስተን ይሄ ነው። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ።

ሴት ልጆች በፍጥነት ቁመት የሚጨምሩት በአማካይ በ12 ዓመታቸው አካባቢ ነው። ከወንዶቹ ሁለት ዓመት ያህል ይቀድማሉ። ይህ ግን አማካይ ነው። አንዷ በ10 ዓመቷ ትመዘዛለች፤ ሌላዋ እስከ 14 ትቆያለች። ከ13 ዓመት በታች ውድድር ላይ እኩል ዕድሜ ያላቸው ሁለት ልጆች ሲጋጠሙ አንዷ ኮረዳ፣ ሌላዋ ገና ሕፃን ሊመስሉ ይችላሉ።

የልደት ወርም አለ። በአንድ የዕድሜ ምድብ ውስጥ መጀመሪያ ላይ የተወለደችው ልጅ መጨረሻ ላይ ከተወለደችው ወደ አንድ ዓመት ገደማ ትበልጣለች። በብዙ አገሮች የታዳጊ ቡድኖች ሲጠኑ በምድቡ መጀመሪያ ወራት የተወለዱት ልጆች በዝተው ተገኝተዋል። አሰልጣኞች ሳያውቁት «ጎበዝ» ብለው የሚመርጡት ቀድማ የተወለደችውን ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ዕድሜ መቀነስ የታወቀ ችግር ስለሆነ ነገሩ ይባስ ይወሳሰባል።

አሁን ጎሉን አስቡት። ሙሉ ጎል 7.32 ሜትር ስፋት እና 2.44 ሜትር ከፍታ አለው። እዚያ የምትቆመው የ11 ዓመት በረኛ ቁመቷ 1.40 ቢሆን ነው። ከፍ ብሎ የመጣ ኳስ ላይ ዘልላም አትደርስም። ስለዚህ ጠንካራ እግር ያላት አንዲት ልጅ ያለችው ቡድን ከሩቅ እየመታ ያሸንፋል። ዋንጫው ይመጣል፣ አሰልጣኙ ይጨበጨብለታል።

ከዚያ ልጆቹ 15 ይሞላቸዋል። በረኞቹ ይረዝማሉ፣ ተከላካዮቹ ይፈጥናሉ። ያቺ ከሩቅ የምትመታው ልጅ ከሰው መሀል ኳስ ይዛ መውጣት አልተማረችም። ትቆማለች። ዘግይታ ያደገችው ልጅ ደግሞ አሁን ነበር የምትደርሰው። እሷ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ሳትሰለፍ ቆይታ ኳስ ትታለች። ሁለቱንም እናጣቸዋለን። ያ ሁሉ ድል በወቅቱ ሥልጠና ይመስለን ነበር።

ቡድኑ በእርግጥ መሰልጠኑን ማወቅ የፈለገ ሰው ውጤቱን ለጊዜው ይተውና ሌላ ነገር ይይ። በረኛዋ ኳስ ስትይዝ ዝም ብላ ወደ ፊት ትለጋለች ወይስ ለተከላካይዋ ታቀብላለች? አማካይዋ ኳሱ ከመድረሱ በፊት ዞር ብላ ታያለች? በደካማ እግሯ ትሞክራለች? ኳስ የተነጠቀችው ልጅ ለመመለስ ትሮጣለች ወይስ መጀመሪያ የኮቿን ፊት ታያለች? ይህን የመጨረሻውን በጣም እፈልገዋለሁ። ስህተትን የምትፈራ ልጅ አንድም አዲስ ነገር አትሞክርም።

«ዕድገት ዕድገት የሚል አሰልጣኝ ማሸነፍ አይፈልግም»

ልጆች ሱዚም ሆነ ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ ማን እንዳሸነፈ አይረሱም። እሽቅድምድሙን ከጨዋታው ብታወጡባቸው ይሰለቻቸዋል። በልምምድ ላይ ራሱ ጎል ቢቆጠር፣ የተሸነፈው ቡድን ኮኖቹን ቢሰበስብ ምንም ክፋት የለውም።

ኖርዌይ ውስጥ ልጆች 11 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ የደረጃ ሰንጠረዥ አይወጣላቸውም። ይጫወታሉ፣ ጎል ያስቆጥራሉ፣ ይፋለማሉ። ማን አንደኛ ነው፣ ማን መጨረሻ ነው ግን አይባልም። ይህቺው አገር እ.ኤ.አ. በ1995 የሴቶች ዓለም ዋንጫን አንስታለች። የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት የሆነው ባሎን ዶር ለሴቶች መጀመሪያ ሲሰጥም እ.ኤ.አ. በ2018 ለኖርዌጂያዊቷ አዳ ሄገርበርግ ነው የተሰጠው። ይህ ሁሉ የመጣው ሰንጠረዥ ስለሌለ ነው አልልም። ሰንጠረዥ የሌለበት ልጅነት ግን የማሸነፍ ፍላጎታቸውን አልገደለውም።

እኔ የምደግፈው የመጫወቻ ደቂቃ አከፋፈል በዕድሜ የሚለያይ ነው። እስከ 12 ዓመት እያንዳንዷ ልጅ በእያንዳንዱ ጨዋታ ቢያንስ ግማሹን ትጫወት። ፍጻሜም ቢሆን። ከ13 እስከ 15 ሁሉም ይግቡ፤ ደቂቃው ግን በልምምድ መገኘትና በትጋት ይለያይ። ከ16 በኋላ ውድድሩ ራሱ ይወስን። ያኔ ልጅቷ የመረጠችው መንገድ ነው፣ ፉክክሩንም ታውቀዋለች።

ዋናው ነገር ደንቡ ከመጀመሪያው ቀን ለወላጅም ለልጅም መነገሩ ነው። አብዛኛው ኩርፊያ የሚነሳው በግማሽ ፍጻሜው ዕለት ደንቡ ድንገት ሲቀየር ነው።

«ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሆናም ትማራለች»

ለአንድ ጨዋታ፣ እሺ። ዓመቱን ሙሉ ከሆነ ግን የምትማረው እንደማትፈለግ ብቻ ነው።

በመሀል አዲስ አበባ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ከፒያሳና ከካዛንቺስ በመልሶ ማልማት የተነሱ ብዙ ቤተሰቦች አሁን የሚኖሩት ዳር ከተማ ነው። ከድሮ ቡድኗ ላለመለየት ሁለት ታክሲ ይዛ የምትመጣ ልጅ አለች። እናቷ የታክሲውን ከአስቤዛ ቀንሳ ትሰጣታለች። ልጅቷ መጥታ የመጨረሻ አምስት ደቂቃ ትገባለች። ማታ ቤት ስትደርስ «ታዲያ እዚያ ምን ልትሠሪ ነው የምትሄጂው?» ትባላለች። ምን ብላ ትመልስ?

ወንድሟ ከቡድን ቢቀነስ ሰፈር ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ይጫወታል። እሷ ግን ከቡድኑ ከወጣች ብዙ ጊዜ ሌላ የምትጫወትበት ቦታ የላትም። ቤት ውስጥ የሚጠብቃት ሥራ አለ፤ ፈቃዱም በቀላሉ የተገኘ አይደለም። ሴት ልጅን ወንበር ላይ ማስቀመጥ ከወንዱ የሚከብደው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ብዙ ተጫዋች የለንም። ከ20 ሴት ልጆች አምስቱ ቢቀሩ በነጋታው የሚተካቸው አይገኝም።

«ትልቅ ሜዳ ከሌለ ተጫዋች አይወጣም»

የሜዳ እጥረቱ እውነት ነው። መሀል ከተማ ሙሉ ሜዳ ማግኘት ከባድ ነው፤ ሲገኝም ጥሩ ጥሩውን ሰዓት ወንዶቹ ይወስዱታል። ይህ መስተካከል አለበት፣ መጠየቅም አለብን።

ግን ለ10 እና ለ11 ዓመት ልጅ ትልቅ ሜዳ አያስፈልጋትም። 22 ልጆች አንድ ኳስ ይዘው ሰፊ ሜዳ ላይ ሲሮጡ ብዙዎቹ ኳሱን ሳይነኩ ደቂቃዎች ያልፋሉ። አራት ለአራት ቢጫወቱ ግን ሁሉም ይነካሉ፣ ሁሉም ያጠቃሉ፣ ሁሉም ይከላከላሉ። ጀርመን ከ2024/25 የውድድር ዓመት ጀምሮ ትንንሽ ልጆቿን፣ እስከ 11 ዓመት ምድብ ድረስ፣ በአነስተኛ ሜዳና በጥቂት ተጫዋች እንዲጫወቱ ደንግጋለች። እኛ ሰፈር ውስጥ በሰዓት የሚከራዩት አርቴፊሻል ሳር ሜዳዎች፣ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት ትንንሽ ሜዳዎችም ለዚህ ተስማሚ ናቸው። ቁጥር 5 ኳስ ትታችሁ ቁጥር 4 ስጧቸው። አነስተኛ ጎል ካልተገኘ ሁለት ኮን ይበቃል።

«ሴቶች ናቸው፣ ቀለል አድርጉላቸው»

ሌላኛው ወገን ደግሞ «ወንዶቹ የሚሠሩትን እኩል ይሥሩ» ይላል። ሁለቱም አንድ ነገር ይዘነጋሉ። ሴት ልጆች ጠንክረው መሥራት ይችላሉ፤ ነገር ግን ሰውነታቸው የራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ጉልበትን እንውሰድ። በጉልበት ውስጥ ያለው የፊት መስቀለኛ ጅማት የመበጠስ አደጋ በሴት ተጫዋቾች ላይ ከወንዶች በሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። አደጋው የሚጨምረውም ልክ በጉርምስና ዕድሜያቸው ነው። ከተበጠሰ ቀዶ ሕክምናና የወራት እረፍት ሊያስፈልግ ይችላል። ለብዙ የእኛ ልጆች ይህ ማለት ኳስ ማቆም ነው።

ደስ የሚለው፣ መከላከያው ገንዘብ አይጠይቅም። «ፊፋ 11+» የሚባል የማሟሟቂያ ፕሮግራም አለ። 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ ሩጫ፣ የሆድና የጭን ማጠናከሪያ፣ ሚዛን መጠበቅ፣ ዘሎ በትክክል ማረፍን ያካትታል። ኖርዌይ ውስጥ ከ13 እስከ 17 ዓመት በሆኑ 1,900 ገደማ ሴት ተጫዋቾች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። ፕሮግራሙን የሠሩት ልጆች ጉዳታቸው በሲሶ ገደማ፣ ከባድ ጉዳታቸው ደግሞ በግማሽ ገደማ ያነሰ ነበር። እኛ ጋ ግን ማሟሟቂያ ማለት አሁንም ሜዳውን ሁለት ዙር መሮጥ ነው። አሰልጣኞች፣ እባካችሁ ይህን ነገር ጀምሩት።

የወር አበባም አለ። ልጆች በአፍረት ከልምምድ የሚቀሩበት ቀን አለ፤ ኮቹ ግን «ሰነፈች» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የእንግሊዝ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን ነጭ ቁምጣውን በሰማያዊ የቀየረው ተጫዋቾቹ በወር አበባ ጊዜ እንደማይመቻቸው ስለተናገሩ ነው። በዚያ ደረጃ ያሉ ትልልቅ ሴቶች ከከበዳቸው የ13 ዓመቷ ልጅ እንዴት አይከብዳት? ጠቆር ያለ ቁምጣ፣ መጸዳጃ ያለው ሜዳ፣ ልጆቹ የሚያናግሯት አንዲት ሴት ረዳት። በዚህ ብቻ ብዙ ልጅ ከመቅረት ይድናል።

ማሸነፍ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው የሚል ካለ፣ በውድድር ሳምንት ይምጣና ይይ። በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ ይደረጋል። ልጅቷ ጉልበቷን ይዛ ትቀመጣለች። «ለዋንጫው ስትይ ታገሺ» ትባላለች። በ12 ዓመት ምድብ ጉልበት ሊከፈልበት የሚገባ ዋንጫ የለም።

«ቦታዋን ከአሁኑ ትያዝ»

በ11 ዓመቷ ተከላካይ የተባለች ልጅ ተከላካይ የሆነችው ረጅም ስለሆነች ብቻ ነው። በ15 ዓመቷ ሌሎቹ ይደርሱባታል። አጥቂም አማካይም ሆና ትጫወት። በረኝነቱንም ሁሉም ተራ በተራ ይቅመሱት።

«ከሜዳ ዳር ስንጮህ እያበረታታናቸው ነው»

«አይዞሽ!» ማበረታታት ነው። «ምቺው! ስጫት! ወደ ኋላ!» ግን በልጅቷ ፋንታ ማሰብ ነው። ኮቹ አንድ ነገር ሲል፣ አባቷ ሌላ ሲል፣ የጓደኛዋ እናት ሌላ ስትል ልጅቷ ባለችበት ትደርቃለች። እግር ኳስ በሰከንድ ውስጥ የሚወሰን ውሳኔ ነው። ተሳስታም ቢሆን ራሷ ትወስን።

«ዋንጫ ካላነሳች ክለብ አያያትም»

ወላጆችን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቃቸው ይህ ነው። መልማይ ሲመጣ ግን የሚያየው ልጅቷን ነው፤ የመጀመሪያ ንክኪዋን፣ ፍጥነቷን፣ ኳስ ስታጣ የምታደርገውን። ስድስት ለምንም የተሸነፈ ቡድን ውስጥ ያለች ጎበዝም ትታያለች።

አጥቂዋ ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነስታ በሀዋሳ ከተማና በደደቢት አልፋ ማልታ ድረስ ሄዳ ለቢርኪርካራ ተጫውታለች። ዛሬ ስሟ ሲነሳ የምናወራው ስለ ጎሎቿ ነው። በ12 ዓመቷ ምን ዋንጫ እንዳነሳች የሚጠይቅ አላጋጠመኝም። መድረኩም አለ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሴቶች ቡድን በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን (ሴካፋ) ማጣሪያ አሸንፎ ሞሮኮ ወደተካሄደው የካፍ የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ አልፏል። ከ20 ዓመት በታች ሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን ደግሞ እ.ኤ.አ. ለ2022 የዓለም ዋንጫ እስከ መጨረሻው የማጣሪያ ዙር ደርሶ በጋና ነው የወጣው። እዚያ ለመድረስ ልጅቷ በ18 ዓመቷም ኳስ ላይ መገኘት አለባት።

ስለዚህ ልጃችሁን ለማስመዝገብ ስትሄዱ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ዋንጫዎች አትቁጠሩ። አሰልጣኙን ወይም አሰልጣኟን አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ከሦስት ዓመት በፊት እዚህ ከነበሩት ልጆች ዛሬም የሚጫወቱት ስንቶቹ ናቸው?» ስም እየጠራ የሚመልስላችሁ ከሆነ፣ ይቺ እዚህ ክለብ ገባች፣ ይቺ ለትምህርት ስትል ቅዳሜ ብቻ ትመጣለች፣ ይቺ ጉልበቷን ታማ እየተመለሰች ነው ካለ፣ ልጃችሁን እዚያው አስመዝግቧት።