የአሸዋ ቼሪ ምንድን ነው? ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ የሚችለው ቁጥቋጦ ጓሮ የገባበት ታሪክ

ሚኒሶታ፣ ሱ ፎልስ፣ ዊኒፔግ ወይም ካልጋሪ የምትኖሩ ከሆነ አንዲት ቁጥቋጦ አጠገብ ሳታልፉ አትውሉም። ቅጠሏ የቀይ ሥር ቀለም አለው። በቤት ደጃፍ፣ በክሊኒክ ፓርኪንግ ዳር፣ በሱቅ መግቢያ ትተከላለች። ብርዱ ሲለቅ ነጣ ያለ ሮዝ አበባ ታወጣለች። ስሟ ሲስቴና ነው። በዳኮታ ሕዝብ ቋንቋ «ሕፃን» ወይም «ትንሽ» እንደማለት ነው።

ሲስቴናን ያወጣት የደቡብ ዳኮታው የአትክልት ተመራማሪ ኒልስ ሃንሰን ነው፤ ጊዜው በፈረንጅ አቆጣጠር 1910 አካባቢ ነበር። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ሰውዬው ግን ዋና ጭንቀቱ የደጃፍ ጌጥ አልነበረም። ፍሬ ነበር የሚፈልገው። መነሻ ያደረገውም የአሸዋ ቼሪ የሚባለውን የዱር ቁጥቋጦ ነው።

የአሸዋ ቼሪ በሰሜን አሜሪካ መሀል ባሉት ሰፋፊ የሣር ሜዳዎች ሰው ሳይተክለው የሚበቅል ነው። ነብራስካ፣ ሰሜንና ደቡብ ዳኮታ፣ የካናዳዋ ማኒቶባም አገሩ ናቸው። ቁመቱ ከሰው ወገብ ብዙም አያልፍም። ሥሩ ጠልቆ ስለሚሄድ አሸዋም ድርቅም ይችላል። ፍሬው ሲበስል ይጠቁራል። መጠኑ ከእሸት ቡና ትንሽ ከፍ ይላል፤ ውስጡ እንደ ኮክ አንድ ጠንካራ ዘር አለው። አንዳንዱ ቁጥቋጦ ደህና ጣፋጭ ፍሬ ይሰጣል። ሌላው፣ እዚያው ጎኑ የበቀለው፣ ያልበሰለ ዘይቱና እንደመንከስ ነው፤ ምላስ ይይዛል፣ አፍ ያጨማድዳል።

ይህን ልዩነት ከማንም በፊት ያወቁት የአገሬው ሰዎች ናቸው። የዳኮታ ዘመድ የሆኑት የላኮታ ሰዎች የአሸዋ ቼሪ ሲለቅሙ ነፋሱን ፊት ለፊት እየተቀበሉ ወደ ቁጥቋጦው ይሄዱ ነበር። ነፋሱ ከኋላ እየነፈሰ ከቀረቡት ፍሬው ይመራል ይሉ ነበር። እኔ ይህን ወግ በጣም እወደዋለሁ። ሰው ለአንድ ፍሬ ይህን ያህል ደንብ የሚያወጣው ሲያከብረው ነው።

በሳይንስ መዝገብ የገባው በ1894 ነው። ሊበርቲ ሃይድ ቤይሊ የተባለው የዕፅዋት ሊቅ በነብራስካው ፕሮፌሰር በቻርልስ ቤሲ ስም «ፕሩነስ ቤሲ» አለው። ፕሩነስ ትልቅ ወገን ነው። ፕሪም፣ ኮክ፣ ቼሪ፣ የእኛ አገሩ ጥቁር እንጨት ሳይቀር እዚያ ውስጥ አሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ። የአሸዋ ቼሪ በስሙ ቼሪ ይባል እንጂ በዝምድና የሚቀርበው ለፕሪም ነው። ከእውነተኛው የአውሮፓ ቼሪ ጋር አይዋለድም፤ ከፕሪም ጋር ግን ይዋለዳል። የኋላው ታሪክ ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

አሁን ወደ ሰፋሪዎቹ እንሂድ። በ1862 የወጣው የአሜሪካ የመሬት ሕግ ሜዳው ላይ ሄዶ ለሚኖርና ለሚያርስ ሰው 160 ኤከር (65 ሄክታር ያህል) መሬት ይሰጥ ነበር። በ1872 ካናዳም ተመሳሳይ ሕግ አወጣች። ሰዎች ከምሥራቅ አሜሪካና ከአውሮፓ ጎረፉ። ሲመጡ የሚያውቁትን የፖም፣ የፕሪምና የቼሪ ችግኝ ይዘው ነበር። ተከሉ። በመጀመሪያው ብርቱ ብርድ ደረቀባቸው። ደግመው ተከሉ፤ አሁንም ደረቀ።

ምክንያቱ ብርዱ ብቻ አይደለም። በእርግጥ የሰሜኑ ሜዳ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ከዚያ ላይ ግን የሚያደርቅ ነፋስ አለ፤ መሬቱ በረዶ ሆኖ ሥሩ ውኃ መሳብ በማይችልበት ሰዓት ከቅርንጫፉ እርጥበት ይመጥጣል። በመሀል ደግሞ ሞቅ ያለ ቀን ብቅ ይልና ዛፉን ያታልለዋል። ፀደይ የመጣ መስሎት መንቃት ሲጀምር ብርዱ ይመለሳል። ግንዱ ቢተርፍ እንኳ የአበባው እምቡጥ ይሞታል። አበባ ከሌለ ፍሬ የለም።

የአሸዋ ቼሪ ይህን ሁሉ ይችላል። እምቡጡ ብርድ የለመደ ነው። በዚያ ላይ አጭር ስለሆነ በረዶ ሲወርድ የታችኛው ቅርንጫፉ ይሸፈናል፤ በረዶው እንደ ጋቢ ይሆንለታል። ረጅሙ ዛፍ ነፋሱን ቆሞ ሲቀበል እሱ ከሥር ተኝቶ ያሳልፋል።

የሰሜኑን ሜዳ አትክልት የለወጠው ሐሳብ የተወለደው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ጣፋጩን የውጭ ፍሬ ብርድ እናስለምደው ሲሉ የኖሩ ሰዎች ልፋታቸው መና ቀርቷል። ብርዱን የሚችለውን የአገሬውን ቁጥቋጦ ይዘው ፍሬውን እናሻሽል ያሉት ግን ተሳካላቸው። ብርድ መቻል በአንድ ሰው ዕድሜ የሚሠራ ነገር አይደለም። ሜዳው በሺህ ዓመታት የሠራው ነው። ጣፋጭነትና ትልቅነት ግን በጥቂት ትውልድ ይመጣል።

ሥራውን የጀመሩት ተራ ሰዎች ናቸው። ኮሎራዶ ውስጥ ቻርልስ ፔኖክ የተባለ አትክልተኛ ከዱር የመረጠውን የአሸዋ ቼሪ «የሮኪ ተራራ አጭር ቼሪ» ብሎ ለገበያ አቀረበ። ሚኒሶታ ውስጥ ደግሞ ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ ክኑድሰን የተባለ ሰው በ1891 የአሸዋ ቼሪን «ማይነር» ከሚባል ፕሪም ጋር አዳቀለ። የወጣውን «ኮምፓስ» አሉት። ኮምፓስ ፍሬው ትንሽ ነው፤ ጣዕሙም ጎምዛዛ ነው። ነገር ግን ብርዱ ሳይገድለው በየዓመቱ አፈራ። መንገዱ እንደሚሠራ ያሳየው እሱ ነው። ቼሪ ፕሪም የሚባለው አዲስ ዓይነት ፍሬም በእሱ ይታወቅ ጀመር።

ሃንሰን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1866 ዴንማርክ ውስጥ ተወለደ። በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር አሜሪካ ገባ። አዮዋ ተማረ። በ1895 ብሩኪንግስ ወደሚገኘው የደቡብ ዳኮታ የእርሻ ኮሌጅ ሄደ፤ እስከ ዕድሜው መጨረሻም እዚያው ኖረ። የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ብርድ የሚችሉ ዕፅዋት እንዲፈልግ ሩሲያና ሳይቤሪያ ድረስ ልኮታል። እንዲህ ዓለምን የዞረ ሰው ደጁ ላይ ያለውን ቁጥቋጦ አለመናቁ ደስ ይለኛል።

አሠራሩ ሁለት መልክ ነበረው። አንደኛው መምረጥ ነው። የአሸዋ ቼሪ በራሱ የአበባ ዱቄት አያፈራም፤ ከሌላ ቁጥቋጦ ዱቄት ይፈልጋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዘር ከሁለት የተለያዩ ወላጆች የመጣ ነው። መቶ ዘር ብትዘሩ መቶ ዓይነት ቁጥቋጦ ይወጣል። አንዱ ቀጥ ይላል፣ አንዱ መሬት ላይ ይተኛል። አንዱ ይጣፍጣል፣ አንዱ አፍ ይይዛል። ሃንሰን በሺዎች የሚቆጠሩ ችግኞችን አበቀለ። ሲያፈሩ እየዞሩ መቅመስ ነው። ጥሩዎቹን ማስቀረት፣ ሌላውን መንቀል። ከቀሩት ላይ ዘር ወስዶ እንደገና መዝራት። የአሸዋ ቼሪ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ከዘር በሁለትና በሦስት ዓመት ያፈራል። በፖም ቢሆን አንድ ትውልድ ለማየት ከዚያ እጥፍ በላይ መጠበቅ አለ።

ሁለተኛው ማዳቀል ነው። ይህ የእጅ ሥራ ነው፤ ዓይንና ትዕግሥት ይፈልጋል። የአሸዋ ቼሪው አበባ ሊፈነዳ ሲል፣ ገና እንደተጠቀለለ፣ በጥንቃቄ ይከፈታል። ዱቄት የሚያወጡት ቀጫጭን ክሮች በወረንጦ አንድ በአንድ ይነቀላሉ። መሀል ላይ ያለችው ሴቴዋ ክፍል ብቻ ትቀራለች። ከዚያ የሌላው ዛፍ ዱቄት በቀጭን ብሩሽ ይቀባባታል። ንብ ሌላ ዱቄት ይዛ እንዳትመጣ አበባው በወረቀት ከረጢት ይሸፈናል። ፍሬ ከያዘ፣ ከዚያ ፍሬ የሚገኘው አንድ ዘር ነው። ያን አንድ ዘር ለማብቀል፣ ለማሳደግ፣ ለመቅመስ ደግሞ ዓመታት።

ሃንሰን የመረጠው አጋር ሉተር በርባንክ የተባለ ሌላ አዳቃይ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያወጣቸውን ትላልቅ ጃፓን ቀመስ ፕሪሞች ነበር። እነዚህ ፕሪሞች ዳኮታ ሜዳ ላይ ብቻቸውን ቢተከሉ ይሞታሉ። ከአሸዋ ቼሪ ጋር ሲዳቀሉ ግን ልጆቹ ከአንዱ ብርድ መቻልን፣ ከሌላው ትልቅነትና ጣዕምን ወሰዱ። በ1908 ሁለቱን ዝነኞች አወጣ። «ሳፓ» የአሸዋ ቼሪና «ሱልታን» የሚባል ፕሪም ልጅ ነው። «ኦፓታ» ደግሞ የአሸዋ ቼሪና «ጎልድ» የሚባል ፕሪም ልጅ ነው። ከላይ ሲታዩ ሁለቱም ጠቆር ያሉ ናቸው። ሲቆረጡ ነው ልዩነቱ የሚወጣው። የኦፓታ ሥጋ አረንጓዴ ነው። የሳፓ ግን እስከ ዘሩ ድረስ ጥቁር ወይን ጠጅ ነው፤ ጭማቂው ጣትንም ጣውላንም ያቀልማል። ማርማላታው ሲሠራ ቀለሙ ራሱ ያስጎመጃል።

«ሳፓ» በላኮታ ቋንቋ «ጥቁር» ማለት ነው። ሃንሰን ለብዙዎቹ ዝርያዎቹ ከአገሬው ቋንቋ ስም ይሰጥ ነበር፤ ሲስቴናም እንዲሁ ነው። ምስጋናው በቂ ነው አልልም። ሜዳውን ያጡት እነዚያው ሰዎች ናቸው፤ መሬታቸው ለሰፋሪ እየተሸነሸነ ፍሬያቸው በስማቸው ተሸጠ። ይህን ሳይነግሩ የፍሬውን ታሪክ መናገር ጎዶሎ ነው።

አንድ የሚያደናግር ነገር ላጥራ። በእኛ አገር «የተዳቀለ አቮካዶ» ስንል ቅርንጫፍ በሌላ ግንድ ላይ የተቀጠለበትን ማለታችን ነው። እላይ ያልኩት ማዳቀል ግን የአበባ ዱቄት ማገናኘት ነው። ሁለቱም እዚህ ታሪክ ውስጥ አሉ። ሳፓን ከዘሩ ብታበቅሉት ሳፓ አይወጣም። ስለዚህ ዝርያውን ለማብዛት ከሳፓው ላይ እምቡጥ ወስዶ በሌላ ችግኝ ላይ መቀጠል ያስፈልጋል። የአሸዋ ቼሪም ራሱ ለፕሪምና ለኮክ ከሥር ግንድ ሆኖ ያገለግላል፤ ከላይ የተቀጠለውን ዛፍ አጭር ያደርገዋል።

ሥራው ወደ ሰሜን ተሻግሮ ካናዳ ገባ። በ1915 ማኒቶባ ውስጥ የተቋቋመው የሞርደን የምርምር ጣቢያ በ1940ዎቹ «ዱራ» እና «ማኖር» የሚባሉ ቼሪ ፕሪሞችን አወጣ። ከዚያ በኋላ ግን ፍላጎቱ እየቀዘቀዘ ሄደ። ባቡርና መኪና የሞቃት አገር ፍሬ በየሱቁ አደረሱ። ሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1999 «ካርማይን ጁወል» የሚባል ቼሪ አወጣ፤ ይህ ከሌላ ወገን የተዳቀለ እውነተኛ ጎምዛዛ ቼሪ ሲሆን ብርዱንም ይችላል። ዛሬ እዚያ አካባቢ ቼሪ ልትከል የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የሚገዛው እሱንና ወንድሞቹን ነው።

ግን የአሸዋ ቼሪ ልጆች አልጠፉም። መትከል ለምትፈልጉ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ሚኒሶታ የሚኖር ወዳጄ አንዲት ሳፓ ገዝቶ ከቤቱ ጀርባ ተከለ። አደገች፣ በግንቦት በአበባ ነጣች፣ ግን ፍሬ የለም። ሦስት ዓመት ጠበቀ። የሸጡለት ሰዎች አንዲት ብቻዋን እንደማታፈራ አልነገሩትም ነበር። በአራተኛው ዓመት ኮምፓስ አጠገቧ ተከለ። ኮምፓስ አበባው ብዙ ነው፤ ለሌሎቹ ዱቄት በመስጠት የታወቀ ነው። ከዚያ በኋላ ነሐሴ ላይ ፎቶ ላከልኝ፤ አንድ ሳህን ሙሉ ጥቁር ፍሬ።

ውኃ የሚቋጥር መሬት ላይ አትትከሉት፤ ሥሩ አይወድም። ፀሐይ ይፈልጋል። ፍሬ የሚይዘው በወጣት ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ ያረጀውን ከሥሩ እየቆረጣችሁ አዲስ እንዲያወጣ አድርጉት። በረዶ ሲወርድ ደግሞ ከመንገዳችሁ የጠረጋችሁትን፣ ጨው ያልነካውን፣ በአካፋ እላዩ ላይ ጣል አድርጉለት።