ፔኔትሬሽን ምንድን ነው? የዛገ የፊልድ መኪና እያደሱ ብየዳ ለሚማሩ

ብየዳ የጀመረ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ላዩ ላይ ነው። መስመሩ ቀጥ ብሏል ወይ? ሞገዱ እኩል ነው ወይ? ፍንጣሪው በዝቷል ወይ? ሰው መጥቶ ሲያደንቅም የሚያደንቀው ይህንኑ ነው። መኪናውን የሚሸከመው ግን ከላይ የሚታየው ጉብታ አይደለም። ከሥሩ ያለው፣ ብረቱ ውስጥ የገባው ክፍል ነው። የቀለጠው ብረት ከገጹ ወደ ውስጥ የወረደበት ጥልቀት ፔኔትሬሽን ይባላል።

ብየዳ ሙጫ አይደለም። ሙጫ በሁለት ነገሮች መሀል ገብቶ ያጣብቃቸዋል፤ ነገሮቹ ራሳቸው ግን አይለወጡም። ብየዳ ላይ የሚያያዙት ብረቶች ጠርዛቸው መቅለጥ አለበት። ከሽቦው ወይም ከኤሌክትሮዱ የመጣው ብረትና የሁለቱ ጠርዝ አብረው ቀልጠው፣ ተደባልቀው፣ አንድ ሆነው ሲረጉ ነው ተበየደ የሚባለው። ጠርዙ ካልቀለጠ የተሠራው ሥራ መለጠፍ ነው።

ታዲያ እንዴት ነው ብረት ሳይቀልጥ ላዩ ላይ ያማረ ብየዳ የሚቀመጠው? ተራ ብረት ለመቅለጥ 1,500 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይፈልጋል። የኤሌክትሪክ አርኩ፣ ማለትም ከሽቦው ጫፍ ወደ ብረቱ የሚዘለው እሳት፣ ሙቀቱ ከዚያ በብዙ ሺህ ዲግሪ ስለሚበልጥ ሙቀት አልጎደለም። ጥያቄው ሙቀቱ የት ሄደ ነው። ሽቦው ቀጭን ስለሆነ ወዲያው ይቀልጣል። ከሥሩ ያለው ወፍራም ብረት ግን ሙቀቱን ወደ ጎን እየወሰደ ይበትነዋል። ስለዚህ የቀለጠው ሽቦ ባልቀለጠ ገጽ ላይ ይከመራል። ሲያዩት ብየዳ ነው፤ ውስጡን ለቄስ።

ይህን በወሬ ከመስማት በዓይን ማየት ይሻላል። ሁለት ቁራጭ 3 ሚሊሜትር ብረት ይወሰድ። አንዱን አስተኝቶ ሌላውን በላዩ ላይ ማቆም፣ ከዚያ በአንድ በኩል ብቻ መበየድ ነው። ሲቀዘቅዝ የተኛውን ሞርሳ ላይ አስሮ፣ የቆመውን ካልተበየደው በኩል በመዶሻ እየመቱ ወደ ብየዳው ማጠፍ። ብየዳው ካልዘለቀ ቋ ብሎ ይላቀቃል። የተላቀቀበትን ቦታ ጠጋ ብለው ሲያዩት ብረቱን ያጸዱበት የግራይንደር ጭረት እንኳ እንዳለ ነው። አርኩ በላዩ አልፏል፣ ብርሃኑ ዓይን አጥፍቷል፣ ጭረቱ ግን አልጠፋም። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። በደንብ የዘለቀው ደግሞ ወይ ሳይላቀቅ ይታጠፋል፣ ወይ ሲቀደድ ብየዳው ራሱ ሻካራና ግራጫ ሆኖ ይቀደዳል።

ሌላም መንገድ አለ። የተበየደውን ቁራጭ መስመሩን አቋርጦ መቁረጥና የተቆረጠውን ፊት በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ማሸት። ለዚህ ሥራ የሚሆን አሲድ ሲነካው የቀለጠው ክፍል ካልቀለጠው ተለይቶ፣ ዙሪያው ተሰምሮ ይወጣል። የት ድረስ እንደወረደ ያኔ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ጥልቀቱን የሚወስነው ዋናው ነገር አምፔር ነው። ለብረት የሚሠራ የቆየ መነሻ ልኬት አለ፤ ለእያንዳንዱ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ወደ 40 አምፔር። ለ3 ሚሊሜትር 120 አካባቢ ማለት ነው። ይህ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም። ሽቦውን ራሱ እየመገበ በሚበይደው ሚግ ማሽን ላይ ጀማሪን የሚያደናግር አንድ ነገር አለ። ብዙዎቹ ማሽኖች የአምፔር ቁልፍ የላቸውም። ያላቸው የቮልትና የሽቦ ፍጥነት ቁልፍ ነው። አምፔሩን የሚያወጣው የሚያወርደው የሽቦው ፍጥነት ነው። ሽቦው በፈጠነ ቁጥር አምፔሩ ይጨምራል። ይህን ያላወቀ ሰው ሽቦው በዛብኝ ብሎ ፍጥነቱን ሲቀንስ ሳያውቀው ፔኔትሬሽኑንም ይቀንሳል።

ከአምፔር ቀጥሎ የእጅ ፍጥነት ይመጣል። በጣም ከሮጡ ብረቱ ለመሞቅ ጊዜ አያገኝም። በጣም ከዘገዩ ደግሞ፣ ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል፣ የቀለጠው ብረት ከአርኩ ፊት ቀድሞ ይፈስሳል። ያኔ አርኩ የሚያቃጥለው የራሱን ኩሬ እንጂ ከሥር ያለውን ብረት አይደለም። ስለዚህ ዓይን የሚተከለው ብርሃኑ ላይ ሳይሆን የኩሬው የፊት ጠርዝ ላይ ነው። አርኩ እዚያ ጠርዝ ላይ መቆየት አለበት። በእኔ እምነት ጀማሪ መጀመሪያ ሊለምደው የሚገባው ይህን ነው፤ ያማረ ሞገድ በኋላ ይደርሳል።

ሽቦው ከቶርቹ፣ በእጅ ከሚያዘው የማሽኑ አፍ፣ ብዙ ሲወጣም አምፔሩ ይወርዳል። ሽቦው ኩሬውን እየነካ ለሚሠራበት ለአጭር አርክ ሥራ 10 ሚሊሜትር አካባቢ ጥሩ ነው። ቶርቹን ወደ ኋላ እየጎተቱ መሥራት ትንሽ ጠለቅ ያለ፣ ወደ ፊት እየገፉ መሥራት ደግሞ ሰፋና ጠፍጠፍ ያለ ብየዳ ይሰጣል። ኩሬውን ከአየር የሚከልለው ጋዝም ድርሻ አለው። ንጹሕ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጠልቆ ይገባል፣ ፍንጣሪው ግን ይበዛል። ከአርጎን ጋር የተቀላቀለው ለስለስ ያለ ስለሆነ ለቀጭን ላሜራ ይመቻል።

አሁን ወደ መኪናው እንምጣ። አሮጌ የፊልድ መኪና ለብየዳ ተማሪ ጥሩም ፈታኝም የሚሆነው አንዱ አካሉ ከሌላው ፍጹም ስለሚለይ ነው። ወለሉ፣ ፓራፋንጎውና የበሩ ሥር ወደ 1 ሚሊሜትር የሚጠጋ ላሜራ ነው። ሻንሲው 2፣ 3፣ አንዳንዴም 4 ሚሊሜትር ነው። በላሜራው ላይ ችግሩ ፔኔትሬሽን መብዛቱ ነው፤ ብረቱ ይበሳል። በሻንሲው ላይ ችግሩ ማነሱ ነው፤ ብየዳው ይለጠፋል። አንድ ሰው በአንድ መኪና ላይ ሁለቱንም ጫፍ ያያል።

ዝገት ደግሞ ሒሳቡን ያዛባዋል። ቀዳዳ ያለበት ወለል ላይ በዓይን የሚታየው ቀዳዳ የጉዳቱ መሀል እንጂ መጨረሻው አይደለም። ከቀዳዳው ዙሪያ ያለው ብረት ከሥር ተበልቶ ግማሽ ሚሊሜትር ላይቀረው ይችላል። እዚያ ላይ አርክ ሲነካ ቀዳዳው እየሸሸ ይሰፋል። ማሽኑ ይወቀሳል፣ እጅ ይወቀሳል፣ ጥፋቱ ግን የብረቱ ነው። መፍትሔው አንድ ብቻ ነው። በመዶሻ ጫፍ እየነኩ ጥርት ያለ ድምፅ እስኪሰማ መሄድና እስከዚያ ድረስ ቆርጦ መጣል። ድምፁ ድፍን ካለ ብረቱ የለም። እውነቱን ለመናገር የአሮጌ መኪና ብየዳ ግማሹ መቁረጥ ነው።

ከሥሩ ደህና ብረት ቢኖር እንኳ ዝገት ላይ መበየድ አይቻልም። ዝገትና ቀለም ሲቃጠሉ ጋዝ ይወጣቸዋል፤ ያ ጋዝ ኩሬው ሲረጋ ውስጡ ታስሮ እንደ ወንፊት ይበሳሳዋል። አርኩም ይንጫጫል፣ አይረጋም። ስለዚህ መጋጠሚያው በሁለቱም በኩል ነጭ ብረት እስኪወጣ ይጸዳል። የመሬት ገመዱ መቆንጠጫ የሚያዝበት ቦታም እንዲሁ። ዝገት ላይ የተቆነጠጠ ገመድ አምፔሩን ይበላዋል፣ ሰውየው ደግሞ ቁልፍ ሲያዞር ይውላል።

ለቀጭኑ ላሜራ 0.6 ወይም 0.8 ሚሊሜትር ሽቦ ይበቃል። መስመር አይጎተትም። ነጥብ ይደረጋል፣ ቆም ይባላል፣ ከዚያ ራቅ ብሎ ሌላ ነጥብ ይደረጋል። መጋጠሚያው በነጥቦች ተሞልቶ እስኪዘጋ እንዲህ ነው። ምክንያቱም ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል። 1 ሜትር ብረት በ100 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 1.2 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ ብየዳው አጠገብ ያለው ሙቀት ደግሞ ከዚያ በብዙ እጥፍ ነው። በአንድ ትንፋሽ የተበየደ ፓነል ተጣሞ የሚቀረው ለዚህ ነው። ከመጋጠሚያው ሥር የመዳብ ቁራጭ መደገፍም በጣም ይረዳል። መዳብ ሙቀትን ከተራ ብረት ወደ 8 እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ያስተላልፋል፣ የቀለጠው ብረትም አይጣበቅበትም።

ላሜራ ላይ ዘልቆ እንደሆነ ለማወቅ መኪናው ሥር ገብቶ ጀርባውን ማየት ነው። ጥሩ ከሆነ ከመስመሩ ሥር ትንሽ ከፍ ያለ፣ ያልተቋረጠ ጉብታ ይታያል። ሰማያዊና ቡናማ የሙቀት ቀለም ብቻ ከታየና ጉብታ ከሌለ ብረቱ ሞቋል እንጂ እስከ ጀርባው አልቀለጠም። ይህ በተለይ ላዩን በግራይንደር አስተካክሎ ስቱኮ ሊቀባ ላሰበ ሰው ወሳኝ ነው። የላዩ ጉብታ ሲሞረድ ከሥር ያልዘለቀው ብየዳ አብሮ ይሄዳል። የሚቀረው ስቱኮው ነው፣ ስቱኮ ደግሞ መኪና አይሸከምም።

ሻንሲ ሌላ ዓለም ነው። እዚህ ላይ መሪው፣ ባሌስትራውና ፍሬኑ የተንጠለጠሉበት ብረት ነው የሚበየደው። ትናንሽ ሚግ ማሽኖች የሚሠሩት ሽቦው ኩሬውን በሰከንድ ከ20 እስከ 200 ጊዜ እየነካ፣ እየተቋረጠ ነው። ያ የተረጋጋ የመጥበሻ ድምፅ ከዚህ ይመጣል። ለላሜራ ግሩም ነው። ለወፍራም ብረት ግን ሙቀቱ አነስተኛ ስለሆነ ከላይ እንዳልኩት መለጠፍ ይወዳል። ስለዚህ የወፍራም ብረት ጠርዝ በግራይንደር ተሞርዶ የቪ ቅርጽ ይይዛል፣ በመሀሉም ትንሽ ክፍተት ይተዋል። አርኩ እስከ ሥሩ መድረሻ መንገድ ያገኘው ያኔ ነው። ለሻንሲ በኤሌክትሮድ የሚሠራው ተራ ብየዳ ብዙ ጊዜ የበለጠ አስተማማኝ ነው ብዬ አምናለሁ። ጥገና ብረቱም ጫፉ እንደ አልማዝ ሾል ብሎ ቢቆረጥ ይመረጣል። ሻንሲውን ቀጥ ብሎ የሚያቋርጥ የብየዳ መስመር ጭነቱን አንድ ቦታ ላይ ይሰበስባል፤ ሲሰነጠቅም እዚያው ነው። በብዙ አገር የሻንሲ ብየዳ በቴክኒክ ምርመራ የሚታይ ነገር ስለሆነ፣ ተማሪው የላሜራውን ሠርቶ የሻንሲውን ለባለሙያ ቢተው ምንም አያሳፍርም።

የድሮ ላንድሮቨር የያዘ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ይወቅ። በ1948 ሲወጣ ብረት እጥረት ስለነበር አካሉ በአብዛኛው ከአሉሚኒየም ቅይጥ ነው የተሠራው። ሻንሲውና ከሞተሩ ጀርባ ያለው ግድግዳ ግን ብረት ነው። አካሉ ሳይዝግ ሻንሲው ከውስጥ ሊበላ ይችላል። አሉሚኒየሙን ደግሞ ለብረት በተዘጋጀ ሽቦና ጋዝ መበየድ አይቻልም። አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ላዩን የሸፈነው ኦክሳይድ ግን ከ2,000 በላይ ይፈልጋል። ቆዳው ሳይቀልጥ ውስጡ ቀልጦ ይወድቃል።

ጥንቃቄው ላይ አልደራደርም። በዚንክ የተለበጠ ብረት ሲበየድ ዚንኩ 907 ዲግሪ ላይ ይተናል፤ ነጩን ጭስ የሳበ ሰው ማታውን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይይዘዋል። ልባሱ ይሞረድ፣ ቦታው ይናፈስ። ክሎሪን ባለው የፍሬን ማጽጃ የታጠበ ብረት አጠገብ አርክ ፈጽሞ አይለኮስም፤ የሚወጣው ፎስጂን የሚባል ገዳይ ጋዝ ነው። የነዳጅ ታንክና የነዳጅ ቱቦ ከአካባቢው ይነሳል፣ የባትሪው ገመድ ይፈታል፣ እሳት ማጥፊያ እጅ ይሁን። አርክ ያለ ጭንብል ያየ ዓይን ወዲያው አያመውም። ከሰዓታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት፣ አሸዋ የገባበት ያህል ያቃጥላል።

ማሽኑን ለማስተካከል የሚመረጠው ቁራጭ ከመኪናው ራሱ የተቆረጠው ነው። የዛገው ክፍል ሲወጣ ዳር ዳሩ ላይ ደህና ብረት ይተርፋል፤ ውፍረቱም ዓይነቱም ያው ነው። እሱ ላይ ተበይዶ፣ በመዶሻ ተፈትኖ፣ ጀርባው ታይቶ ሲያጠግብ ነው ወደ መኪናው የሚኬደው። ቁልፉን ሳይነኩ።

ሥራው ሲያልቅ የሚረሳ አንድ ነገር አለ። በደንብ የዘለቀ ብየዳ ጀርባው ላይ ያለውን ቀለም አቃጥሎታል፣ ያ ብረት አሁን ራቁቱን ነው። በሻንሲው ሳጥንና በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ውስጥ ብሩሽ አይደርስም። ስለዚህ ብረቱ ከቀዘቀዘ በኋላ በቀጭን ቱቦ ፀረ ዝገት ሰም ይረጫል። የውሃ ማውጫ ቀዳዳዎቹ ግን በሰሙ እንዳይደፈኑ በሽቦ ይከፈቱ።